ዝም ካለች አልፏል

በፋብሪካችን ውስጥ የወንድሜን ሚስት በስሟ የሚጠራት የለም። ከፊቷ «እመቤት» ናት፤ ጀርባዋን ስታዞር «እንከን»። «እንከን መጣች!» ከተባለ ወሬው ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ማስቲካዋን የምትውጥም አለች። ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው! ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሸሚዙ ተሰፍቶ ሲያልቅ፣ እኔ ጋ ለካውያ ከመምጣቱ በፊት፣ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ከኮሌታው ትጀምርና ትከሻውን፣ ኪሱን፣ እጅጌውን፣ የቁልፉን ቀዳዳ በጣቷ እየዳበሰች ትወርዳለች። ጥፋት ካገኘች፣ መቼም አታጣም፣ እጅጌዋ ላይ ከደረደረቻቸው ትናንሽ ቀይ ስቲከሮች አንዱን ላጥ አድርጋ ጥፋቱ ላይ ትለጥፍና ሸሚዙን ለሰፊዋ ትመልሳለች። ደህና ከሆነ ደግሞ ወደ እኔ ትወረውረዋለች። ጎበዝ ብሎ ነገር የለም፣ እጅሽ ይባረክ ብሎ ነገር የለም። ዝም ካለች አልፏል።

ታዲያ ክፉ እንዳትመስላችሁ። እኔ ከእሷ ጋር ስንቴ ተጣልቼ ስንቴ እንደታረቅሁ ቆጥሬው አላውቅም፤ ክፉ ብትሆን ግን ድሮ ይለይልን ነበር። አንድ ጊዜ ታምሜ ተኝቼ፣ ከሥራ ወጥታ ቀጥ ብላ ቤቴ መጥታ፣ ልብሴን አጥባ፣ ሾርባ በማንኪያ አጉርሳኝ፣ ግንባሬን ዳብሳ፣ ልትወጣ በር ላይ ስትደርስ «ይሄን መጋረጃ ማነው እንዲህ አንጋዶ የሰቀለው?» ብላ አብግናኝ የሄደች ሴት ናት። መጋረጃውን የሰቀለው ባሌ ነው፤ እዚያው ቆሟል። እንዲህ ናት። እጇ ያቅፋል፣ አፏ ይወጋል።

ወንድሜ ይሄን ሁሉ ችሎ ሳይሆን ወዶ ነው የኖረው። ጋሼ ነው የምለው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፣ መንገድ ሲዘጋበት እንኳ የሚያፏጭ ሰው። እሷ «ጫማህን አሁንም እበሩ ላይ ጣልከው!» ስትለው፣ «ሚጢ፣ ሰማሽ? የኔ ሴት ዛሬም ጤነኛ ናት» ይለኛል። ሚጢ የሚለኝ እኔን ነው፤ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ ይኸው እስካሁን ሚጢ ነኝ፤ ልጆች ወልጄ እንኳ አልቀረልኝም።

አንድ ጠዋት ይሄ ሰው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው አሉን። ሆስፒታል ከርሞ ወደ ቤት ሲመለስ ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል፣ ምላሱም ተሳስሯል፤ ያ ተረበኛ አንዲት ቃል ለማውጣት ያምጣል። እግሩ ቀስ በቀስ መጣለት። እጁ ግን እንቢ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፣ እኔንና ሚስቱን አስቀምጦ ነገሩን እንዲህ ብሎ አስረዳን፦ «እጁ ሞቶ አይደለም። አእምሮው ረስቶታል። አሁን በየቀኑ ካሠራው ያስታውሰዋል። አሁን ካላሠራው ግን እንደዚሁ ነው የሚቀረው፤ ቆይቶ ቢቆጭ አይመለስም። ግራው ይረፍ፣ ቀኙ ይሞክር። ቢሰብርም፣ ቢያፈስም ይሞክር።»

ሰማን። ግን መስማትና ማድረግ ለየቅል ነው። እሷ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ዘግታ፣ ፀጉሩን አበጥራ፣ ወንበር ላይ አስቀምጣው ትወጣለች። ንጹህ፣ የተስተካከለ፣ አንዲት ጉድፍ የሌለበት ሰው! እሱ ደግሞ እንደዚያ ተስተካክሎ ግድግዳ ሲያይ ይውላል።

አንድ ቀን ግን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ከአልጋ ሥር የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ከነብሩሹ አወጣ። ከሥራ አብረን ስንገባ የኩሽናው በር ፊት ቆሟል። ቀኝ አንጓውን በግራ እጁ ደግፎ፣ ብሩሹን በቀኙ ይዞ፣ በሩን ከወገቡ በላይ ቀብቶታል! ቀለም ጆሮው ላይ፣ ቀለም ቅንድቡ ላይ፤ ፊቱ ግን በርቷል። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። «ይ...ኸው!» አለን። እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

ቀደመችኝ። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ጠጋ አለች፣ ዓይኗ ከላይ ጀምሮ ወረደ። «እዚህ ጋ ተንጠባጥቧል። ይሄ ጥግ አልተነካም። ማጠፊያው ላይ ምን አስነካህ? ማጠፊያ ይቀባል እንዴ?» አለች። ይሄ እንኳ የለመድነው ነው። ግን እጇ! ከሥራ ስትወጣ የተረፉ ስቲከሮች ሹራቧ እጅጌ ላይ ተለጥፈው ነው የሚመጡት። እያወራች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ አንዱን ላጥ አድርጋ የተንጠባጠበው ላይ ለጠፈችው። ጥጉ ላይ ሌላ። ማጠፊያው ላይ ሌላ። ዘልዬ እጇን ስይዛት ነው የነቃችው። ጣቶቿን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አየቻቸው፤ «ወይኔ፣ እጄ ነው... እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው» አለች።

ወንድሜ ቀይ ቀዩን አየ። ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ እግሩን እየጎተተ መኝታ ቤት ገባ። አልተቆጣም። የሰው ቅስም ስብር ሲል በዓይን ይታያል ብትሉኝ ድሮ እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ቀኝ እጁን አላነሳውም። በግራው በላ፣ በግራው ጠጣ፤ ቀኙን ብርድ ልብስ ሥር ቀበረው። ለምርመራ ስንወስደው ባለሙያው ጣቶቹን አጥፎ ዘርግቶ ፊቱ ጠቆረ። «ምን ተፈጠረ? ጣቱ እየደረቀ እኮ ነው! እንዲህ ከቀጠለ እኔም የምረዳበት መንገድ አይኖረኝም» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች የወንድሜ ሚስት። ዝርዝር አላበዛችም፣ ሰበብም አልፈለገች። «ሊሠራ ሞክሮ አጥፍተሃል አልኩት።»

«እንግዲያው እህቴ፣ ሲሞክር ጥፋቱን አይንገሩት» አላት ባለሙያው በጨዋ ደንብ።

«ሁለተኛ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም» አለች። ይቺ ሴት ደግሞ አልኩ ካለች አለች ነው።

እኔ በበኩሌ ወንድሜን መነዝነዝ ያዝኩ። «አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ያሻገረ እጅ ብርጭቆ ፈርቶ ሊቀር ነው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?» ብለው፣ ብዙ ታግሎ «እን...ቁላሉ... እኔ ነኝ?» አለኝ። ሳቅን። ከሳቀ ወዲያ ተስፋ አለው ብዬ፣ አንድ አመሻሽ እሷ ከሥራ ስትገባ ሻይ እንዲያቀርብላት አስነሳሁት። ሻዩን እኔ ነኝ ያፈላሁት፤ ብርጭቆውን ከነማስቀመጫው ከኩሽና እስከ ሳሎን በቀኝ እጁ የተሸከመው ግን እሱ ነው። ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆው ይንቀጫቀጫል። ግማሹ ሻይ ማስቀመጫው ላይ ፈሶ፣ ግማሹ ብርጭቆ ውስጥ ቀርቶ፣ እፊቷ ደረሰ። አቀበላትና ቆሞ ጠበቀ።

ተቀበለች። ጠጣች። የፈሰሰውንም ወደ ብርጭቆው ገልብጣ ጠጣችው። ከዚያ ብርጭቆውን አንስታ ልታጥብ ሄደች። በቃ! እኔ ወንድሜን አያለሁ፣ ወንድሜ የተከፈተውን በር ያያል። መኝታ ቤት ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ተከተልኩት። «ምን ሆንክ ጋሼ? ጠጣችልህ አይደል?»

«ድሮ... ትቆጣኝ ነበር» አለ፤ እያንዳንዷ ቃል ስትወጣ ይታየኛል። «አሁን... ተወችኝ። የማይ...ጠገን ዕቃ... ማን ይቆጣዋል?»

ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁባት። «ምናለበት አንዲት ቃል ብትተነፍሺ? ምን ይጎድልብሻል?» አልኳት።

«ምን አደረግሁ?» አለች፣ እጇ ሳሙና እንደሆነ። «ዝም አልኩ እኮ! ዝም አልኩ!»

«እሱ ነው ጥፋቱ!»

«አንቺ ልጅ ጤና የለሽም? ስናገር ጥፋት፣ ዝም ስል ጥፋት። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«ዝም አይነቅዝም፤ ሰው ግን ያነቅዛል! ሄደሽ እይው፣ ግድግዳውን አቅፎ ተኝቶልሻል። ተወችኝ ነው የሚለው፣ አልጠገንም ነው የሚለው!»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ፤ እንደዚያ ግራ ተጋብታ አይቻት አላውቅም። በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ያልጠየቅኋትን ትነግረኝ ጀመር። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሷ ገና በልጅነቷ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ጠርዝ ትሰፋለች። ስፌቱ ከተጣመመ እናቷ በጥርሳቸው ክሩን በጥሰው፣ ተርትረው፣ ይመልሱላታል። ደግማ ትሰፋለች፣ ደግመው ይተረትራሉ። ቀጥ ያለ ቀን ግን ሳይናገሩ ከተጨረሰው ልብስ ላይ ይደርቡትና ሌላ ይሰጧታል።

«እናቴ መጀመሪያ ዝም ያለችኝ ቀን» አለች፣ «ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝም አለችኝ እኮ! ከዚያ በላይ ምን አለ?» ቀና ብላ አየችኝ። «ሻዩን ስጠጣ ያን ነው የሰጠሁት። ያለኝን ትልቁን ነገር ነው የሰጠሁት።»

ያን ሁሉ ዓመት ወንድሜን በዝምታዋ ስታወድሰው ኖራ፣ እሱ ደግሞ በቁጣዋ ሲጽናና ኖሮ! «እሱ ያንቺን እናት አያውቃቸውም፤ የተነገረውን ነው የሚሰማው» አልኳት።

ማግስቱን ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ጉድ ልንገራችሁ። አዲስ የገባች ሰፊ አለች፤ ሸሚዞቿ በቀይ ተዥጎርጉረው ነው የሚመለሱላት። እንከን አንዱን ሸሚዝ አንስታ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች፤ ከዚያ፣ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን፣ ከጠረጴዛዋ ተነስታ ወደ ሴትየዋ ማሽን ሄደች። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ሁሉም ሴትየዋ ልትባረር ነው ብሎ አንገቱን አሰገገ።

«ኮሌታው» አለች እንከን። ጉሮሮዋን ጠረገች። የፍርድ ውሳኔ የምታነብ ነው የምትመስለው። «ኮሌታው... ጥሩ ነው።»

ሴትየዋ እሪ ብላ አለቀሰች! «እመቤት፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም! ከፈለጉ ተርትሬ እንደገና እሰፋዋለሁ!» ሽሙጥ መስሏት ነው። «አይ... ጥሩ ነው አልኩ እኮ!» ብላ እንከን ስትጮህባት ይባስ አለቀሰች። እኔ ካውያዬን ይዤ በሳቅ ስንፈራፈር የሰው ሸሚዝ ላሳርር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን ሴትየዋ ነገሩ ገብቷት መሰለኝ እያንጎራጎረች ትሰፋ ነበር። የወንድሜ ሚስት በእጇ የያዘችውን ሸሚዝ ረስታ፣ ጠረጴዛዋ ጋ ብዙ ቆማ አየቻት።

ወደ ቤት ስንሄድ «የምፈራው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ለፍላፊ?» አለችኝ። «ውሸት። ያልሆነውን ሆነ ብዬ ባሞግሰው ወዲያው ያውቃል። አሳዘንኳት ማለት ነው ይላል። ያ ደግሞ ከስቲከሩ ይብሳል።»

«ማን ዋሺ አለሽ? በመርፌ ቀዳዳ ጉድፍ የሚያይ ዓይን፣ ደህናውን ሳያየው ነው እንዴ የሚያልፈው? እያየሽው ነው የምታልፊው። እስቲ አንድ ቀን ያየሽውን ደህና ነገር ተናገሪው።»

እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። እኔም ነገሩን ተውኩት።

የክሊኒክ ቀጠሮው ዕለት ወንድሜን ለመሸኘት ማልጄ ሄድኩ። መኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ሸሚዙን ደርቧል፣ ደረቱ ግን ክፍት ነው። እሷ እፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች!

«አልቆልፍልህም» አለችው። «አንተው ቆልፈው። በቀኝህ።»

ሊቆጣ ቃጣው፤ ሚስቱን አያት፣ የተቀመጠችባቸውን እጆቿን አየ። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሳ። ቁልፉ ያመልጠዋል፣ ይይዘዋል፣ ያመልጠዋል። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። በስንት መከራ ቁልፉ ገባ፤ የገባው ግን ከራሱ ቀዳዳ በታች ባለው ነው። እኔ እንኳ ያየሁትን እሷ አላየችም አይባልም፤ የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ አፏ ተከፈተ። አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አውራ ጣትህ» አለች።

ወንድሜ ቀጥ አለ።

«አውራ ጣትህ ገፋው። ሻዩን ያመጣህ ቀን አውራ ጣትህ እንዲህ አይገፋም ነበር፤ ተጣጥፎ ነበር። አይቼዋለሁ።»

ዓይኔን ስገልጥ ወንድሜ አውራ ጣቱን አቅርቦ እያየ ነበር። አጎነበሰና ቀጣዩን ያዘ። ያዘው፣ አመለጠው፣ አስገባው፤ ያው አንድ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ። «ይሄኛው ከፊተኛው ቶሎ ገባ» አለች። ድምፅዋ ድርቅ ያለ ነው፤ ግን የምትናገረው እውነት ስለሆነ ወንድሜ አልጠረጠራትም። የመጨረሻውን ሲያስገባ «ጎ...» አለች። ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። «ጎ... ጎበዝ።»

ወንድሜ ሚስቱን አየ፣ አየና በዚያ በተጣመመ አፉ ሳቁን ለቀቀው። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ከሆዱ ሲስቅ አልሰማሁትም። «አይ...ዞሽ» አላት። «ትለም...ጂዋለሽ።»

መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር፤ አፏ ከዳትና ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ከጭኗ ሥር ያወጣቻቸውን እጆቿን ፊቷ ላይ ጫነች። እኔማ ድሮውንም አልቃሻ ነኝ፤ የኔን ተዉት።

ስንነሳ ሸሚዙን አየሁት። አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ሌላው ወደ ታች ወርዷል፣ አንገቱ ሥር ባለቤት የሌለው ቀዳዳ አፉን ከፍቷል። ይቺ የሰው ቤት መጋረጃ ሳታቃና ማለፍ የማይሆንላት ሴት አሁን ምን ታደርግ ይሆን ብዬ ጠበቅኋት። ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንሂድ» አለች። ክንዱን ያዘች፤ በዚያ ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ የሚያያትን ሁሉ መልሳ እያየች፣ ሸሚዙ የተንጋደደውን ባሏን ይዛ ሄደች።

ክሊኒኩ እንደደረስን ባለሙያው ከክፍሉ ብቅ አለ። «ኧረ ጋሼ፣ ቁልፍዎ ተዛንፏል» ብሎ፣ ደግነቱ ነው፣ ሊያስተካክልለት እጁን ሰደደ።

እጁን ቸብ አደረገችው። «እንዳትነካው! ራሱ ነው የቆለፈው!»

ባለሙያው እጁ አየር ላይ እንደቀረ ወንድሜን አየ፣ ቁልፎቹን አየ፣ እሷን አየ። «በየትኛው እጁ?» አለ ቀስ ብሎ።

«በቀኙ!» አለች። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮክ ብላ ነው ያለችው።